ዋጋው ያልተነገረ ግድግዳ

ግንበኛው የቱንቢውን ክር ከጣሪያው ሥር በተመታች ምስማር ላይ አንጠልጥለው ብረቱ መወዛወዙን እስኪተው ጠበቁ። ብርቅነሽም በሩ ላይ እንደቆመች አብራቸው ጠበቀች። ብረቱ ረጋ። ከታች የግድግዳውን እግር ነክቷል፤ ከላይ ግን በክሩና በግድግዳው መካከል የሰው ጭብጥ የሚያስገባ ክፍተት ነበር። ሽማግሌው ጭብጣቸውን ከተት አድርገው አወጡት።

«ትንሽ ዘመም ብሏል መሰለኝ» አለች።

ግንበኛው አቦይ ሃብተሚካኤል ክሩን ትተው ዞር አሉ። ዓይናቸው ወደ ወለሉ ወርዶ ነበር። ወለሉ በጣሊያን ዘመን የተነጠፈ ማቶኔላ፣ የሲሚንቶ ንጣፍ ነው፤ መሐሉ ግራጫ ሆኖ ከግድግዳው ሥር ሥር ቀይ አበባ ያለበት አንድ ረድፍ ክፍሉን እንደ ቀሚስ ጥልፍ ይዞረዋል። ሽማግሌው በጫማቸው ጫፍ አበባውን እየተከተሉ ከበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ጥጉ ሄዱ። ጥጉ ላይ ሲደርስ አበባው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። በዚያ በአራተኛው ግድግዳ ሥር ያለው ግራጫ ብቻ ነው።

«ጓለይ» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «አበባው የት ገባ?»

ጓለይ ማለት ልጄ ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ አሥራ አንድ ዓመት አስመራ ኖራለች። ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ አላዘጋጀችም። ሌሊቱን ሙሉ ስታዘጋጅ ያደረችው ሌሎች መልሶችን ነበር፦ ክፍሉ ለምን ጠበበ፣ ግድግዳው ለምን ሳይለሰን ቀረ፣ ሥራው ለምን ለዛሬ አስፈለገ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ያንን አበባ ስትወለውል ኖራ፣ መጥፋቱን ሳታየው መቅረቷ አሁን ገረማት።

ነገሩ የጀመረው በወጥ ቤቱ ነው። ቤቱ ገዛ ባንዳ ሰፈር ያለ የቀበሌ ቤት ነው፤ ባሏ በኩላሊት ሕመም ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖርበታለች። የወጥ ቤቱ ጣሪያ ሦስት ዓመት አፍስሷል። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ሌላ ሰው የሚፈርምበትን ወረቀት በምትተይብበት መሥሪያ ቤት፣ ምሳ ሰዓት ላይ የራሷን ማመልከቻ ስትተይብ ኖራለች። መልስ የለም። ትናንት ሐሙስ ደብዳቤው ደረሳት፦ የጥገና ተቆጣጣሪ ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ቤቱን ከነክፍሎቹ ያያል። ጉድ እኮ ነው! ሦስት ዓመት የለመነችውን እግዜር ሊሰጣት ሲያስብ የመረጠው ሳምንት ይሄ ሆነ።

ምክንያቱም ከግድግዳው ጀርባ ወንድሟ አለ። ደጉ የእናቷ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ እናታቸው ደሴ ላይ ስትሞት ጡት ያስጣለችው እሷ ነበረች። መጋቢት ላይ የአፍዓበት ግንባር ሲፈርስ ጓደኞቹ የሞቱት ሞቱ፣ የተማረኩት ተማረኩ፤ እሱ ጠመንጃውን ገደል ጥሎ፣ አንዲት የገጠር ሴት በሰጠችው ኩታ ተሸፋፍኖ፣ ቀን እየተደበቀ ሌሊት እየሄደ በአሥራ ሁለተኛው ቀን የእህቱን በር አንኳኳ። የከዳ ወታደር ሲያዝ ምን እንደሚደረግ አስመራ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ይረሸናል። እንዲያ ብሎ የነገራት ራሱ ደጉ ነው፤ ከድተው የተያዙ ሲረሸኑም ቆሞ እንዲያይ ተደርጓል።

ግድግዳውን የሠራው እሱ ነበር። ጓሮ ከፈረሰው መጋዘን ጡቡን እየለቀመ፣ በጭቃ እያያዘ፣ በስምንት ቀን የኋለኛውን ክፍል ጫፍ ቆርጦ ለራሱ አንዲት ቀጭን ክፍል አወጣ። መግቢያዋ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ነው፤ የሳጥኑ ጀርባ ሳንቃ ይነሳል፣ ሰው በእንብርክኩ ይገባል። ብርቅነሽ ሥራው ሲያልቅ ኮርታበት ነበር። ደብዳቤው ሲመጣ ግን በሌላ ዓይን አየችው፤ እንዲህ ያለ ግድግዳ ለማንም ተቆጣጣሪ የሚያሳዩት አይደለም።

ስለዚህ ግንበኛ ያስፈልጋል። ግን ምን ዓይነት? ሰው ግንበኛ ሲቀጥር እጁን ይጠይቃል፣ ቀጠሮ ማክበሩን ይጠይቃል፣ ሲሚንቶ አለመስረቁን ይጠይቃል። ብርቅነሽ ትናንት ከሥራ ሲወጡ የቢሮ ጓደኛዋን መብራትን የጠየቀቻት ወሬ የማያበዛ ግንበኛ ታውቅ እንደሆነ ነው።

መብራት ሳቀች። «ግንበኛ ነው የፈለግሽው ወይስ የንስሐ አባት?» አለቻት። ከዚያ ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ ትንሽ አየቻትና የእናቷን ቤት የሠሩትን ሽማግሌ ስምና የሚገኙበትን ቦታ ነገረቻት። ሌላ ምንም አልጠየቀቻትም።

ዛሬ በማለዳ የቀጥቃጮቹ ገበያ መደበር ደረሰች። በርሜል የሚቀጠቅጡት ገና መጀመራቸው ነበር፤ ጆሮ ይበሳል። አቦይ ሃብተሚካኤል ከአንድ ቀጥቃጭ ሱቅ ደጃፍ በተደፋ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጠው፣ የዕቃ ጆንያቸውን በእግራቸው መሐል አድርገው ሻሂ ይጠጣሉ። ሻሂያቸውን ሳያስቀምጡ አዳመጧት። ወጥ ቤት ነው፣ ሦስት ዓመት አፍስሷል፣ አንድ ክፍልም ልስን ይፈልጋል፣ ለዛሬ ነው።

«ሦስት ዓመት ያፈሰሰ ቤት ለዛሬ?» አሉ።

«ነገ ተቆጣጣሪ ይመጣል።»

«ተቆጣጣሪ የሚመጣውማ ሲያፈስ ሊያይ ነው» አሉና ብርጭቋቸውን ጨልጠው ተነሡ። ስለ ዋጋ ስትጠይቃቸው ሥራ ሳያዩ ዋጋ እንደማይናገሩ ነገሯት።

ወጥ ቤቱ ለወሬ አልበቃም። ሁለት ቆርቆሮ አጠጋግተው ሦስት ምስማር መቱና ወረዱ። ሦስት ዓመት ሙሉ የማመልከቻ ወረቀት የፈጀው ነገር ይኸው ነበር። ከዚያ «ቀጣዩስ?» አሉ፤ እሷም ወደ ኋለኛው ክፍል ይዛቸው ሄደች።

አሁን እንግዲህ አበባው የት እንደገባ እየጠየቋት ነው።

«እኔ... ተከራይ ነኝ። እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት» አለች።

ሽማግሌው ግድግዳውን በመዶሻቸው እጀታ አንድ ጊዜ መቱት። ከዚያ ጆሯቸውን ሳይሆን መዳፋቸውን አስጠጉ። ጭቃው ገና እርጥብ ነበር።

«ስሚ፣ ጓለይ። ግንበኛ ግድግዳ ሲሠራ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ነው የሚሠራው። ይሄ ወደ ኋላው ተጋድሟል። ወደ ኋላ የሚያስተኛው ከኋላው አፈር አለኝ ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። ከፊት ከባድ መሣሪያ ሲመታው እንዳይወድቅ።» ዞር ብለው አዩዋት። «የሠራው ሰው ግንበኛ አይደለም። ምሽግ ነው የለመደው።»

የበሩን መቃን ያዘች። ስምንት ቀን ሙሉ እጁ የለመደውን ሲሠራ እሷ ጭቃ እያቀበለች አይታ ነበር፤ ወንድሟ እዚህ አስመራ መኝታ ክፍል ውስጥ የአፍዓበትን ምሽግ እየሠራ እንደነበር አንድም ቀን አልገባትም። እኚህ ሰው ግን በመዳፋቸው አነበቡት። አሁን ወጥተው ቢሄዱ ቀበሌው ሦስት መቶ እርምጃ አይርቅም። ለምንስ አይሄዱ? እሷ ለእሳቸው ማን ናት? ከደሴ የመጣች የመንግሥት ሠራተኛ፤ ከግድግዳው ጀርባ ያለውም አገራቸውን ሊወጋ የመጣ ወታደር።

«ስንት ሰው ነው?» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ቀደም ሲል ስንት ቆርቆሮ እንዳላት ከጠየቁበት ድምፅ አይለይም።

«አንድ» አለች። ቃሉ ሳትወስን ነው ያመለጣት። «ወንድሜ ነው።»

አቦይ ሃብተሚካኤል መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ሲጋራ አወጡ፣ አልለኮሱትም። ከውጭ የማኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሴቶች በትግርኛ እየተሳሳቁ አለፉ። ብርቅነሽ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ፈለገች፤ ሰውነቷ ግን እሺ አላላትም።

«ይውጣ እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ። «ለአንድ ቀን ይሄ ብዙ ሥራ ነው፤ እጅ ያስፈልገኛል።»

«ዋጋውስ?»

«ስጨርስ እነግርሻለሁ።»

ይሄ መልስ ከሁሉም በላይ አስፈራት። ገንዘብ ቢጠሩ ባወቀች! ያላትን በልቧ ቆጠረች፦ የጋብቻ ቀለበቷ፣ የባሏ ሬዲዮ፣ እናቷ ያወረሰቻት የብር መስቀል። ምሥጢርሽን የያዘ ሰው ዋጋውን ስጨርስ እነግርሻለሁ ካለ፣ የፈለገውን ቢጠራ ምን ይባላል? እሺ ከማለት በቀር ምንም የላትም።

ደጉ በእንብርክኩ ከቁም ሳጥኑ ወጣ። ሦስት ሳምንት ፀሐይ ያላየ ፊቱ እንደ ሊጥ ነጥቷል። ሁለቱ ተያዩ። ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አንዴ ለኩትና ባልዲውን አስያዙት።

«አንተ ነህ የገነባኸው?»

«አዎ አባት።»

«ጥንካሬውስ ጠንካራ ነው» አሉ። «ቤት አይመስልም እንጂ።»

የቀረው ሰዓት በሥራ አለፈ። አቦይ ሃብተሚካኤል አንድ ነገር ከፊት ለፊት ነገሯቸው፦ ልስኑ እስከ ነገ አይደርቅም፣ አዲስነቱም አይደበቅም። ስለዚህ ቤቱን ሁሉ ያቆሽሹታል። ሳሎኑም፣ መተላለፊያውም፣ ሌላው መኝታ ክፍልም ልስናቸው እዚህም እዚያም ተፍቆ እንደገና ይለጠፋል፤ አሸዋው በየበሩ ይቆለላል። ተቆጣጣሪው የሚያየው ሁሉም ቦታው የሚታደስ ቤት ይሆናል። ብርቅነሽ በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን አቧራ አሳድራበት የማታውቀውን ሳሎን በገዛ እጇ በመፋቂያ ስታፈራርስ ልቧ ደማ። ግን አፈራረሰችው።

ከኋላ ሽማግሌውና ወታደሩ ከግድግዳው አናት የጎደለውን በስባሪ ጡብና በጀሶ እየሞሉ ቱንቢው እስኪስማማ አቀኑት። አበባውን ያመጣው ደጉ ነው። ከውስጥ በኩል፣ ከድብቁ ክፍል ወለል ላይ፣ አንድ በአንድ በመሮ እየፈለቀቀ በቁም ሳጥኑ በኩል አቀበለ። አሥራ አራት ናቸው። አሥራ ሦስቱ ደህና ወጡ፤ አንዷ ከእጁ ላይ ለሁለት ተሰበረች። ደጉ ስባሪዋን ይዞ እንደ ጥፋተኛ ልጅ ቆመ።

«ግድ የለም» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ዘንድ አንድ ትኖራለች። ነገ አመጣታለሁ።» አሥራ ሦስቱን በአዲሱ ግድግዳ ሥር በግራጫው ፈንታ ነጠፏቸውና ጥጉ ላይ በጎደለችው ቦታ የኖራ ጆንያ አቆሙባት።

ምሳ ሦስቱም ከአንድ ትሪ በሉ። ወንበሮቹ ሁሉ ተሸፋፍነው ስለነበር አሸዋው አጠገብ ተቀመጡ። ብርቅነሽ ወጥ እየጨመረች ልጆች እንዳሏቸው ጠየቀች።

«ትልቁ የለም» አሉ።

አስመራ ውስጥ እንዲህ ሲባል ሰው ሞተ ማለት አይደለም። ሜዳ ወጣ ማለት ነው፣ ሻዕቢያ ሆነ ማለት ነው። የደጉ እጅ ትሪው ላይ ቆመ። ሽማግሌው ከፊታቸው ያለውን ቁራሽ ወጥ አስነክተው ወደ እሱ ገፉለት።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አለ ደጉ።

«ካለ ሃያ ስድስት።»

«እኩያዬ ነው።»

«እንደዚያ ሳስበው ነበር» አሉ ሽማግሌው። ውኃ ጠጡ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ስለ ትንሹ ልጃቸው አነሡ። ንጋሲ ይባላል። ጥር ላይ አሥራ ስምንት ሞልቶታል። ይህን ሲናገሩ በሽታ ስለያዘው ሰው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። ባለፈው ሳምንት የክፍል ጓደኞቹን ለብሔራዊ ውትድርና ከፌርማታው በጭነት ማኪና ሰብስበው ወሰዷቸው፤ እሱ ጫማ ሊያሰፋ ዞር ብሎ ተረፈ። አሁን መደበር አንድ የእህል ወፍጮ ውስጥ፣ በጆንያ መሐል ይውላል። «ዱቄቱ ግን ሳል አመጣበት» አሉ። «ሳል ደግሞ ይጣራል።»

ብርቅነሽ አዘነች፤ እውነት አዘነች። ነገር ግን ጆሮዋ ደጅ ደጁን ስለነበር ሐዘኗ አልቆየም። የራስ ጭንቅ እንዲህ ያደርጋል።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልስኑ አለቀ። ግድግዳው እርጥብ ነው፣ ግን ቀጥ ብሏል፤ አበባውም ክፍሉን ዙሪያውን ይዞራል። ብርቅነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ደጉ ተጠጋና ጉንጯን ሳማት።

«ገና ነው» አሉ አቦይ ሃብተሚካኤል ሲጋራቸውን ለኩሰው መስኮቱ ደፍ ላይ እያስቀመጡ። ሙያውን ያስተማራቸው ጣሊያን አለቃ ያለቀ ክፍል ውስጥ ወንበር አስገብቶ አንድ ሲጋራ እስኪያልቅ ሳይቀመጥበት አያስረክብም ነበር፤ እሳቸውም አርባ ዓመት ሙሉ ያልተቀመጡበትን ክፍል አስረክበው አያውቁም። «አየሩን ማየት አለብኝ። ና ግባ፣ አንተም። ያለ ባለቤቱ አይለካም።»

ሁለቱ በእንብርክካቸው ገቡ። ብርቅነሽ ሳንቃውን መለሰችና ልብሶቹን አስተካከለች። የቁም ሳጥኑን በር ስትዘጋ የግቢው በር ተንኳኳ።

መጀመሪያ አላመነችም። ተንኳኳ እንደገና። ስትከፍተው ቦርሳ የያዘ፣ ጫማውን አሳምሮ የጠረገ ወጣት ቆሟል።

«እትዬ ብርቅነሽ? ስሜ ክፍሉ ነው፣ ከጥገና። ነገ ነበር ቀጠሯችን፤ ነገ ግን ለስብሰባ ተጠራን። አልፌ ልሂድ ብዬ ነው።»

«ግባ ልጄ» አለች። ሌላ ምን ትላለች?

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያ ነው የባሰው። ክፉ ቢሆን ተጣድፎ ይሄዳል። አቶ ክፍሉ ግን ቤት ይወዳል። ወጥ ቤቱን አይቶ እንደማያፈስ ሲያውቅ ቅር ተሰኘ፤ ሳሎኑን አይቶ ተደሰተ። በአሸዋው ላይ እየዘለለ፣ ሱሪውን እየሰበሰበ በየክፍሉ ገባ። የኋለኛው ክፍል ሲደርስ አልዘለለም። ቆመ።

«እንዲህ ያለ ማቶኔላ አሁን ከየት ይገኛል?» አለ። በእስክሪብቶው አበባውን እየጠቆመ፣ ጠዋት ሽማግሌው እንዳደረጉት፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ጥጉ ሄደ። አበባው ዞረ። በአዲሱ ግድግዳ ሥር አልፎ የኖራው ጆንያ ጋ ደረሰ።

«ይሄ ኖራ እዚህ መቆም የለበትም፣ ወለሉን ይበላዋል» አለና አጎንብሶ የጆንያውን አፍ ያዘ።

አቶ ክፍሉ ጎተተው፤ ጆንያው አልተነቃነቀም፤ ነጭ አቧራ ግን ቡፍ ብሎ ደረቱና ጫማው ላይ ፈሰሰ። «ወይ ጣጣ!» ብሎ ወደ ኋላ ዘለለ። ጫማውን በመሐረብ ሲጠርግ መስኮቱ ላይ የሚጨሰውን ሲጋራ አየ።

«ግንበኛው የት አለ?»

«መደበር ሄደ። ኖራ ሊያመጣ።» ከአፏ እንደወጣ ስህተቷን አየችው።

አቶ ክፍሉ ጆንያውን አየ፤ እሷን አየ። «ይሄ ታዲያ ምንድን ነው?»

«አይበቃም አለኛ!» አለች፤ ቁጣዋ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ጩኸቷ የእውነት ነበር። «ጠዋት አሸዋ አለ፣ አመጣሁ፤ ጀሶ አለ፣ አመጣሁ፤ አሁን ደግሞ ኖራ። ለግንበኛ ምን ይበቃዋል?»

ወጣቱ ከልቡ ሳቀ። «እውነትዎን ነው፣ እናቴም ይሄንኑ ነው የምትለው» አለና እንዲያውም ግንበኛው እስኪመጣ ጠብቆ እንደሚያነጋግረው ነግሯት፣ የተሸፈነ ወንበር ገልጦ መሐል ላይ ተቀመጠ። ሻሂ አፈላችለት። ከልስኑ ጀርባ፣ ከጉልበቱ ሁለት እርምጃ ርቀት፣ ሁለት ሰዎች እየተነፈሱ እንደሆነ እያወቀች ስለ እናቱ ቤት ጣሪያ አወራችው። ትንሽ ትንሽ ይጠጣ ነበር። ወይ አለመቸኮል!

«ስንት ጠየቀዎት?» አለ ወረቀቱ ላይ እየጻፈ።

«ገና አልነገረኝም።»

እስክሪብቶውን አቆመ። «እትዬ ብርቅነሽ! ዋጋውን ሳይናገር የሚጀምር ግንበኛ እኮ መጨረሻው አያምርም። ሲጨርስ የማይችሉትን ይጠራብዎታል። በጽሑፍ ያድርጉት፣ እባክዎ።»

«እሺ» አለች። ይህንን ምክር ከልቡ እንደሰጣት ስለገባት ሊያስለቅሳት ደረሰ።

በመጨረሻ ሰዓቱን አይቶ ተነሣ። ወረቀቱ ላይ አራት ክፍል፣ በግል ወጪ በመታደስ ላይ፣ ጥገና አያስፈልገውም ብሎ ጽፎ ፈረመ። በሩ ድረስ ሸኘችው። መቀርቀሪያውን መለሰችና ወደ ቁም ሳጥኑ ሮጠች።

ሳንቃውን ስታነሣ አንድ ሰዓት ሙሉ አልፎ ነበር። መጀመሪያ የወጡት ሽማግሌው ናቸው። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ቀና አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ኖራው ይሁን ሌላ ነገር አላወቀችም። እዚያ ጨለማ ውስጥ ሁለቱ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ምን እንደተባባሉ፣ ወይም መተንፈስ ፈርተው ዝም ብለው እንደሆነ፣ አልጠየቀችም።

«አየር አለው» አሉ አቦይ ሃብተሚካኤል። ወደ ቁም ሳጥኑ መለስ ብለው አዩ። «ለሁለት ሰው ይበቃል።»

«እግዜር ይስጥልኝ አቦይ! ሁለታችሁም እዚያ ባትገቡ ኖሮ እኔ...»

«ኣይፋል፣ ግድ የለም» አሉ። ዕቃቸውን ወደ ጆንያቸው መክተት ጀመሩ፤ መዶሻውን፣ መሮውን። የሚናገሩት ለመዶሻው ይመስል ነበር። «ነገ ጠዋት የጎደለችውን ማቶኔላ ይዤ እመጣለሁ። የሚሸከም ረዳት ይኖረኛል። ሁለት ሆነን እንገባለን። ስወጣ ብቻዬን ነኝ።»

ብርቅነሽ ወደ ቁም ሳጥኑ ዞረች።

«ዋጋው ይሄ ነው» አሉ። ከዚያ ፈጥነው ጨመሩበት፦ «እምቢ ብትይም ግድግዳው ቆሟል። እኔም ወጥ ቤት ነው ያደስኩት፣ ሌላ ምንም አላየሁም። ይሄን ሳትፈሪ መልሺልኝ።»

እውነታቸውን እንደሆነ ዐወቀች፤ ስለዚህ ከበዳት። ቢያስፈራሯት እሺ ብላ በገላገላት ነበር። አሁን ግን መምረጥ የሷ ሆነ። አንድ ሰው ተደብቆ መኖር ይችላል፤ ደጉ ሳያስነጥስ፣ ሳያንኳኳ ሦስት ሳምንት ኖሯል። የሚያስለው ልጅ ግን? ጎረቤቷ የእሷን ሬዲዮ ዜና ከግድግዳ ማዶ ሆና ታዳምጣለች። አንድ ሳል፣ አንድ ብቻ፣ ሁለቱንም ይወስዳል። እሷንም። ደጉን በጡት ምትክ በጣቷ ገንፎ እያላሰች ነው ያሳደገችው፤ በማታውቀው ልጅ ሳል ልታጣው ነው? እምቢ ማለት ይቻላል። ማንም አይፈርድባትም፤ እሳቸው እንኳ።

ወንድሟን መጠየቅ እንዳለባት ተሰማት። ሻማ ለኩሳ በቁም ሳጥኑ በኩል አጎነበሰችና ብርሃኑን ወደ ውስጥ ዘረጋች።

ደጉ ጥጉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ትንሿ የአየር ቀዳዳ ያለችው በዚህኛው ጫፍ ነው፤ ፍራሹም ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የነበረው እዚያው ሥር ነው፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ትንፋሽ ያፍናል። አሁን ፍራሹ የለም። ደጉ ጎትቶ ወደ ጨለማው ጫፍ ወስዶታል። ከቀዳዳው ሥር ያለውን ቦታ፣ አበባው የተነሣበትን ባዶ ወለል፣ በእጁ ጠርጎ ብርድ ልብሱን አጥፎ አስቀምጦበታል። ለእሱ የቀረው ኩታው ብቻ ነበር።

ተያዩ። ደጉ የብርድ ልብሱን ጫፍ አስተካከለ።

ብርቅነሽ ወጣች፣ ሻማውን አጠፋች፣ ጉልበቷ ላይ የነካውን ኖራ አራገፈች። ሽማግሌው ጆንያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። መልስ የሚጠብቁ አይመስሉም።

«አቦይ» አለች፣ «የንጋሲ ሳል የሚብስበት ቀን ነው ወይስ ሌሊት?»

አቦይ ሃብተሚካኤል ጆንያቸውን መሬት አስቀመጡ። ዞረው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ያለቀ ሥራ ነው፣ ምንም የሚነካ አልነበረውም።

«ጠዋት ጠዋት ነው» አሉ።